ሰማንያ አራት ኪሎና አንድ ቁልፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት ወልቂጤ ገበያ ላይ የሰው ቅቤ መዝኛለሁ። አንድ ቀን እኔም እመዘናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ቅቤ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ሚዛን ላይ ሲያወጡት ዝም ይላል። እኔ ቡታጅራ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ውጪ ስባል ዝም አላልኩም።

«ቆይ ልጄ» አልኳት ነርሷን፤ «መጀመሪያ ባዶውን አሳዪኝ።»

«የምኑን ባዶ፣ እማማ?»

«የሚዛኑን ነዋ! ዜሮ ላይ መቆሙን ልየው። ባዶውን የማያሳይ ሚዛን ሌባ ነው።»

ነርሷ ልጄን አየቻት። ልጄ ታደለች ጣሪያውን አየች። ታደለች ቡታጅራ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ገበያ ውስጥ ስከራከር ወደ ሰማይ የማየት ልማድ አላት። ያኔ ዳመና ታይ ነበር፣ አሁን ኮርኒስ ነው።

ባዶው ዜሮ ሆነ። ወጣሁ። ዘጠና አንድ።

«ነጠላዬን ቀንሺ» አልኩ። ነጠላዬን አወለቅሁ። ዘጠና አንድ። «ቀሚሱስ?» ስላት ልጅቷ በትሕትና፣ «እማማ፣ ቀሚሱ ያን ያህል አይመዝንም» አለችኝ። ትሕትናዋ ከኪሎው በላይ አሳመመኝ።

ሐኪሙ የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ለጋ ነው። ስኳሩ በር ላይ ቆሟል፣ ደም ግፊቱ ግን ገብቶ ተቀምጧል አለኝ። ጉልበቴንም ነካ ነካ አደረገና እስከ መስቀል ሰባት ኪሎ ካልቀነስኩ ብቻዬን መኖሩን ልጆቼ እንዲያስቡበት መከረ። አንባቢዎቼ፣ ለእኔ አልነገረኝም። ስለ እኔ ለታደለች ነው የነገራት፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ እንደ ጥቅል ቅቤ።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ወንዱ ልጄ ሥራ አግኝቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሐዋሳ ገባ። ሰባት ሰው የሚኖርበት ቤት አንድ ሰውና አንድ ቁልፍ ቀረው። ከዚያ ጉልበቴ መጣና ከገበያው አስነሳኝ። ድሮ ከንጋት እስከ ምሽት ቆሜ ነበር የምውለው፤ ቅቤ ልመርጥ የቸሃን መንደር በእግሬ ስዞር ኮርማ እንኳ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅቤ አነጥራለሁ፦ ሦስት ድስት፣ አንድ በርጩማ፣ መደርደሪያ ሙሉ ጣሳ። አቅራቢው በሬ ድረስ ያመጣል፣ ገዢው በሬ ድረስ ይመጣል። እግሬ ጡረታ ወጣ፤ አፌ ግን ሥራውን አልለቀቀም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ታደለች ከክሊኒኩ ወጥተን ቤቷ ሳንደርስ ጀመረች።

«እማዬ፣ ከእኔ ጋር ትቀመጫለሽ። ክፍል አዘጋጅቻለሁ። ሶፋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ።»

«ሶፋ ላይ ተቀምጬ ምን እጠብቃለሁ?»

«ማረፍ ነዋ!»

«ያባትሽን ዕረፍት አይቻለሁ፤ ሳጥን ነበረው።»

ፊቷ ተለወጠ። «ሰው እየቀለደ የሚኖር ይመስልሻል? ባለፈው ክረምት ጓሮ ውስጥ ድስት ይዘሽ ወድቀሽ እስከ ቀትር ጭቃ ላይ ተኝተሽ ነበር። የዚያኑ ዕለት ደወልኩልሽ። ምን አልሽኝ?»

ምን እንዳልኳት አውቃለሁ። ደህና ነኝ ነው ያልኳት። ወሬውን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጎረቤቴ ሰማች።

«እኔን የሚያስፈራኝ ኪሎሽ አይደለም» አለች፤ «‹ደህና ነኝ› ማለትሽ ነው።»

እውነቷን ስለሆነ ተቆጣሁ። ሰው ሲዋሽብኝ እስቃለሁ፤ እውነት ሲነግሩኝ ነው የምቆጣው። ነገሩ ለሁለታችን ስለከበደ ወደ ጋሽ ደገሙ ሄድን። ጋሽ ደገሙ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቸሃ ውስጥ፣ እንሰት በከበበው ግቢያቸው ይኖራሉ። የቤተሰባችን ጠብ ሁሉ እሳቸው በር ላይ ነው የሚያልቀው። አገጫቸውን ዱላቸው ላይ ደግፈው ሁለታችንንም ሰሙ።

«መሬት ዳኝቻለሁ፣ ከብት ዳኝቻለሁ፣ ሚስትና ባል ዳኝቻለሁ» አሉ፤ «ሰው በኪሎ ስዳኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስሙ። በመስቀል ሰሞን ሁላችሁም እዚህ ትሰበሰባላችሁ። በደንጌሳት፣ በሴቶቹ የመስቀል ምሽት፣ ጎመን ክትፎው ከመቅረቡ በፊት፣ ትመዘናለች። ሰማንያ አራትና ከዚያ በታች ከሆነች ቤቷም ሥራዋም የራሷ ነው፤ ታደለች ዳግም አታነሳም። ከዚያ ካለፈች የቤቷን ቁልፍ ለልጇ ትሰጥና ቡታጅራ ትገባለች።»

ጥሩ ፍርድ ነበር። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«አንድ ግራምም ብትሆን ካለፍኩ ቁልፉን እሰጣለሁ!» አልኩ።

«ግራም አላልኩም እኮ» አሉ ጋሽ ደገሙ።

«እኔ ብያለሁ። ሚዛን ከተባለ ሚዛን ነው።»

በትክክለኛነቱ የሚኮራ ሰው መጀመሪያ ምላሱን መመዘን አለበት።

ሚዛኑን ማን ይይዘው የሚለው ደግሞ ሌላ ክርክር ሆነ። ታደለች ገዝታ ዘይነባ ጋ እንዲቀመጥ ተስማማን። ዘይነባ የመስቃን ሴት ናት፤ ከቡታጅራ ዙሪያ ቅቤ እየሰበሰበች በየሳምንቱ ታመጣልኛለች። ሃያ ዓመት አብረን ነግደናል፣ ሃያ ዓመት ተከራክረናል። ዱላ ነው የምታህለው። በሬ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» ስትል ድምፅዋን ሰምቼ ዞር ስል አንዳንዴ ከበሩ መቃን የማልለያት ጊዜ አለ። ለማንም የማታዳላ እሷ ናት፤ ለእኔ እንኳ አዳልታልኝ አታውቅም።

መከራው ተጀመረ።

በመጀመሪያው ሳምንት በወልቂጤና በጉብሬ መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ልሄድ ወጣሁ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች በቁምጣ ይሮጣሉ፣ ማንም ምን ነካችሁ አይላቸውም። እኔ ሁለት መቶ እርምጃ ሳልሄድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ።

«ማዘር፣ ግቢ። ወዴት ነሽ?»

«የትም።»

«የትም ጉብሬን አልፎ ነው ወይስ ሳይደርስ?»

«ልጄ፣ በእግሬ እየሄድኩ ነው።»

«አይቻለሁ፤ ግን ወዴት?»

ሰው መድረሻ ሳይኖረው እንደሚሄድ ለባጃጅ ነጂ ማስረዳት ከባድ ነው። በሰው ፍጥነት እየተንፏቀቀ ከጎኔ ተከተለኝ። ሌላው ደረሰና «ምን ሆነዋል?» ሲለው «የሚሄዱበትን አያውቁም» አለው። ሦስተኛው ከወንዱ ልጄ ጋር የተማረ ሆኖ ተገኘ። ተማክረው፣ ተስማምተው፣ ክንዴን ይዘው አስገቡኝና ደጄ ላይ አወረዱኝ። ለጎረቤቶቼም «እናታችን መንገድ ጠፍቷቸው አገኘናቸው» ብለው አስረከቡኝ። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ መንገድ ይጠፋሻል እንዴ?» አለች ታደለች፤ ወሬው በወንድሟ በኩል ደርሷታል።

«ደህና ነኝ» አልኩ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽዋን ሰማሁት። ቁልፌ በአንድ ጣት ወደ ቡታጅራ ሲንሸራተት ታወቀኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ምግቡን ቀነስኩ። ቆጮው መዳፍ የሚያህል፣ ጎመኑ ያለ ቅቤ። ይህን ያየች አንዲት ጎረቤት «ምግብ ዘግቷታል» ብላ አወራች። የዕድር ሴቶች ተሰብስበው መጡ። ገና አንድ ግራም ሳልቀንስ በር ላይ ሆነው «እንዲህ ትክሺ!» አሉ። ልጆቼ ጥለውኝ እንደሆነ፣ የማይነገር በሽታ ይዞኝ እንደሆነ በዓይናቸው ጠየቁኝ። እኛ አገር ወፍራም ሰው ሲከሳ ወይ ታሟል ወይ ተበድሏል፤ ሦስተኛ ምክንያት አልተፈጠረለትም። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም። አይቡ መጣ፣ ቆጮው መጣ፣ አንዷማ ምጥን ያለች ክትፎ በቅጠል ሸፍና አመጣች። ካልበላሁ በሽታው ተረጋገጠ፤ ከበላሁ ቁልፉ ሄደ። ስለ ጤንነቴ ስመሰክር ሦስት ሰሃን ጨረስኩ።

እንዲህ አንድ ወር አለፈ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የወፍጮ ቤቱ ትልቅ ሚዛን ላይ ከእህል ጆንያ ቀጥሎ ተሰልፌ ወጣሁ። ዘጠና ተኩል! ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ረሃብ፣ ግማሽ ኪሎ!

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አልኩት ባለ ወፍጮውን።

«ጆንያውን ሲመዝን አልተበላሸም ነበር።»

ከቦርሳዬ የሁለት ኪሎ የሚዛን ድንጋዬን አወጣሁ። ሌላ ሴት መስታወት እንደምትይዝ እኔ ድንጋይ ነው የምይዘው። አስቀመጥኩት፤ ሁለት ኪሎ አለ። ሚዛኑ ሐቀኛ ነበር። ሐቀኛ ነገር እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ዘይነባ መጣች። ዝናቡ ሚኒባሱን ስላስቀረባት ቀኑን ሙሉ እኔ ጋ ዋለች። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ፣ እሷ ታየኛለች። ቅቤ እንዴት እንደሚፈተን የማታውቁ ካላችሁ፦ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ፣ ተጠቅልሎ ይመጣል። እኔ ስመዝን ኮባውን እቀንሳለሁ፤ ሰው ቅቤ እንጂ ቅጠል አይገዛም። ከዚያ ይሸተታል፣ ከዚያ ይቀመሳል። ላዩን፣ መሀሉን፣ ታቹን። ምክንያቱም አታላይ ሰው ላዩን ንጹሕ አድርጎ መሀሉ ላይ የተፈጨ ሙዝ ይቀብራል። ላዩን አይቶ ቅቤ የገዛ፣ ፊት አይቶ እንዳገባ ነው።

አመሻሽ ላይ ዘይነባ ተነሥታ ድስቶቹንና ያልተነጠረውን ቅቤ በየተራ በራሴ ሚዛን መዘነች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጠዋት ስትወጪ መዝኜው ነበር። ተንኖ የሚወጣውን ትቼ ሩብ ኪሎ ጎድሏል።»

«አይጥ ይሆናል።»

«አዎ፣ አይቻታለሁ» አለች፤ «ነጠላ ለብሳለች።»

«እኔ? እኔ እኮ አልበላሁም! ቀመስኩ እንጂ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሥራ ነው እኮ! ሥራ ይቆጠራል እንዴ?»

«ሩብ ኪሎ ቅቤ በቀን፣ ያላህ! አንቺ እህቴ፣ ቆጮ ቀንሼ አልከሳ አልኩ ብለሽ የወፍጮ ቤት ሚዛን ትሰድቢያለሽ!»

ተቀመጥኩ። ረቡዕና አርብን ጾሜ፣ በቀሩት ቀናት ሁሉ ቅቤ ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ሥራ ነው እያልኩ። የፈረደብኝ የራሴ ሚዛን ነው። አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

«አንቺም እኮ የእኔን ያህል ትቀምሻለሽ!»

«እቀምሳለሁ።»

«ታዲያ የት ነው የሚሄደው?»

«አላህ ነው የሚያውቀው።»

ይህ ፍትሕ አይደለም አልኩ፤ ዛሬም እላለሁ። እኔን ሲመዝኑኝ ኮባዬን አልቀነሱልኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በአፍንጫዬ ብቻ መሥራት ጀመርኩ። ከባድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ አፍ የሄደች ጣት መንገዷን አትረሳም፤ ቀኝ እጄን አውራ ጣቱን በጨርቅ አሰርኩት። የመንገዱንም ዘዴ ደረስኩበት፦ ባዶ ጣሳ በነጠላ አዝዬ ወጣሁ። ሸክም ያለውን ሰው ወዴት ነህ የሚለው የለም። ባጃጆቹ ጥሩምባ ነፍተው አለፉኝ። ጉብሬ ደርሼ ተመለስኩ፤ ጣሳው ውስጥ አየር ነበር። ከዚያ የፍልሰታ ጾም ደረሰልኝ፤ ያኔ ቅቤው ራሱ ዞር በይ አለኝ። ጳጉሜ ሲገባ የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ሰማንያ አምስት አለ። ከደንጌሳት ሁለት ቀን በፊት ልክ ሰማንያ አራት። አንዲት ጉርሻ የማትበቃበት ሰማንያ አራት።

ቸሃ ስደርስ የጋሽ ደገሙ ቤት ተለቅልቆ፣ ወለሉ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ በቄጤማው ላይ ጅባ ተነጥፎ ነበር። ጅባ የእንሰት ምንጣፋችን ነው፤ አዲስ ሲሆን ያረገርጋል። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በቅቤ ዕቁብ ያጠራቀሙትን ቅቤ አውጥተዋል። ሽታው በሩ ላይ ተቀብሎኝ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። እኔ ቁጭ ብዬ መንገድ መንገድ አያለሁ። ሚዛኑ ከዘይነባ ጋር፣ ዘይነባ ከታደለች ጋር፣ ሁለቱም ከቡታጅራ በሚኒባስ እየመጡ ነው። ፀሐይ ዘቀዘቀች። ስልክ ተደወለ።

«ገና ደጋው ላይ፣ አረቅጥ ነን» አለች ታደለች፤ «ጉም ወርዶ ሹፌሩ የራሱን እጅ እንኳ አላይም ብሎ ቆሟል። እዚሁ እናድራለን።»

ጎመን ክትፎው ቀረበ።

«ጋሽ ደገሙ» አልኩ፤ «ውሉ ከምግቡ በፊት ነበር!»

«ሚዛኑ የለም እኮ። በክንዴ ልመዝንሽ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«እንግዲያው አልበላም።»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ደገሙ ቀስ ብለው አዩኝ። «በቤቴ፣ በደንጌሳት፣ የወንድሜ ሚስት ጦሟን ታድራለች?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ጉርሻው የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፣ ቅቤው በጣታቸው መሀል ይንጠባጠባል። እምቢ ቢሉት ለቀጣዩ መስቀል የሚተርፍ ቂም ነው። ዋጥኩ። «አንድ ያጣላል» አሉ። ሁለተኛውን ዋጥኩ። «ሁለትማ ለሙት ነው» አሉ፤ እንዲህ የሚል ተረት ሰምቼ አላውቅም፣ እዚያው የፈጠሩት ይመስለኛል። ሦስተኛውን ስውጥ እንባዬ መጣ። ሰዎቹ ባሌን ያስታወስኩ መስሏቸው አጽናኑኝ። እኔ ያስታወስኩት ቁልፌን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የቅቤ ዕቁቡ ደንብ እንዲህ ነው፦ የዓመቱ የመጀመሪያ ቅቤ በዕድሜ ከሁሉ በበለጠችው ሴት ራስ ላይ ይደረጋል። ታላቃችን በሚያዝያ አርፈዋል። ተራው የኔ መሆኑን የረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላዬ መጥተው «ኑሪልን፣ ለከርሞም ያድርስሽ» እያሉ ጭነው ጭነው ለጠፉብኝ። ክብር ነው። በሌላ ዓመት ቢሆን ሳምንት አወራው ነበር።

ቅቤው ግንባሬ ላይ መቅለጥ ሲጀምር ታደለችና ዘይነባ ሚዛኑን ይዘው ገቡ። ልጄ ሳመችኝና ከንፈሯ ላይ የቀረውን ቅቤ በእጇ ጀርባ ጠረገች። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም ነበር።

ውጪው ያካፋል። ሚዛኑን ቤት ውስጥ ጅባው ላይ አስቀመጡት። ባዶውን አየሁ፦ ዜሮ። ድንጋዬን አስቀመጥኩ፦ ሁለት ኪሎ፣ ልክ። ቁልፌን ከጉያዬ አውጥቼ ለጋሽ ደገሙ ሰጠሁ። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ከበበኝ። የሚታረደው በሬ እንኳ ውጪ ዝም አለ።

ወጣሁ።

ዘይነባ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ሰማንያ አራት ከሦስት መቶ።»

 ታደለች አፏን በእጇ ያዘች፤ ደስ ብሏት ይሁን አዝና አላወቅሁም። እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

«ቆይ!» አለች ዘይነባ፤ «ኮባው አልተቀነሰም!»

«የምን ኮባ?» አሉ ጋሽ ደገሙ።

«ራሷ ላይ ያለው ቅቤ ሥጋዋ ነው እንዴ? ሃያ ዓመት ሙሉ ኮባ ስትቀንስብኝ ኖራለች! ዛሬ የሷ አይቀነስም?»

ጋሽ ደገሙ ወደ ታደለች ዞሩ። «ፍርዱ ያንቺም ነው። ምን ትያለሽ?»

ልጄ ቅቤዬን አየች። «ይቀነስ» አለች። «በዚህ ነው ያሳደገችኝ።»

ሴቶቹ ቅቤውን በኮባ እየጠረጉ አወረዱት። እኔ እንደ ጣሳ አንገቴን አቀርቅሬ ቆምኩ። እንደገና ወጣሁ።

«ሰማንያ ሦስት ከዘጠኝ መቶ!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጋሽ ደገሙ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጉ። በደስታ ዓይኔን ዝቅ አደረግሁ፤ ምነው ዝቅ ባላደረግሁት!

የሚዛኑ እግሮች አይታዩም። ድንጋዬ ቀላል ስለሆነ ጅባው ችሎት ነበር። እኔ ስወጣ ግን እግሮቹ ጅባውንና ቄጤማውን ይዘው ሰምጠዋል፤ ሆዱ ጅባው ላይ ተኝቷል። ሚዛን ሆዱ ከተኛ ከሸክሙ ጥቂቱን ወለሉ ይሸከምለታል። ገበያ ውስጥ ስንቱን አታላይ በዚህ ይዤዋለሁ! ከዚህ ሁሉ ሰው ይህን የሚያውቅ የለም። ዘይነባ እንኳ እልል እያለች ነው።

ቁልፉ ከእጄ አንድ ስንዝር ነበር። በርጩማዬን አየሁት፣ ሦስቱን ድስቶቼን፣ ጠዋት በሬን ከፍቼ የማየውን መንገድ። ማን ይጎዳል? አልኩ። የራሴን ቤት እንጂ የማንን ወሰድኩ? ከዚያ ያ መሀሉ ሙዝ የሆነ ቅቤ ትዝ አለኝ። ላዩ ንጹሕ ነበር እሱም።

«በረንዳው ሲሚንቶ ነው አይደል?» አልኩ።

«አዎ፣ ምነው?» አሉ ጋሽ ደገሙ።

«ሚዛኑን እዚያ አውጡት። እዚህ ሰምጧል።»

ዘይነባ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ጠባሳው እስካሁን አለ። «አንቺ ሴት፣ አልቋል እኮ! ዝም በይ!»

«አላለቀም።»

በረንዳ ላይ፣ ካፊያው ፊቴን እየመታኝ፣ ወጣሁ። ሰማንያ አራት ከአንድ መቶ። መቶ ግራም። ለአንድ ልጅ ፀጉር የማይበቃ ቅቤ።

ጋሽ ደገሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቶ ግራም እኮ…» ሲሉ አቋረጥኳቸው። «አንድ ግራም ብዬ ነበር።» ቁልፉን ከእጃቸው ወስጄ ልጄ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ። 

ታደለች ቁልፉን መዳፏ ላይ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ማንም አላየም ነበር» አለች።

«እኔ አየሁት።»

«ስትወድቂም ማንም አላየም ነበር። ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

 «ያኔ ሚዛን ላይ አልነበርኩም» አልኩ።

አስቤ የተናገርኩት አልነበረም፤ እውነት ግን ነው። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደ ትምህርት ቤቷ ልጆች ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ጋሽ ደገሙ ይስሙ። ቁልፉን እመልስላታለሁ። ሚዛኑም ከሷ ጋር ይሄዳል። ግን እሑድ እሑድ ስደውል ሚዛኑ ላይ ቆማ ነው የምትመልስልኝ። እንዴት ነሽ ስላት ላዩ ላይ ሆና ነው።»

«ሲሚንቶ ላይ» አሉ ጋሽ ደገሙ። ፍርዱ ጸደቀ።

እንግዲህ አሁን እሑድ እሑድ ስልኩ ሲጮህ ድስቴን አውርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በረንዳዬ ላይ ሚዛኔ ላይ እወጣለሁ። «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» ትላለች። ያቺ «ደህና ነኝ» ምላሴ ጫፍ ድረስ ትመጣና ወደ ታች ቁጥሩን ሳይ ትመለሳለች። ግራ ጉልበቴ ሌሊቱን አላስተኛኝም እላለሁ። ሐሙስ ዕለት ሠርግ ቤት ሁለት ጎርሻለሁ እላለሁ። ቤቱ ሲመሽ ይሰፋኛል እላለሁ። ይህን ሁሉ በሕይወቴ ለማንም ብዬ አላውቅም።

አንድ ወር እንዲህ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ፍትሕ እንዳልሆነ ገባኝ። አንድ ወገን ብቻ የሚመዘንበት ገበያ የት አለ? ለራሷም ሚዛን እንድትገዛ አደረግሁ። ባለፈው እሑድ የኔን ጨርሼ፣ «አንቺስ ልጄ? እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ።»

  ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን የያዘ ጆሮ በስልክም ይሰማል።

«ታደለች፣ የት ላይ ነው የቆምሽው?»

«…ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ነው።»

«ውረጂ» አልኳት። «ምንጣፉን አንሺና እንደ አዲስ ንገሪኝ።»